የአራት ዓመት ልጄ አፉን በደንብ አልፈታም፤ ልጠብቅ ወይስ ላስመርምር?

ጥያቄ፦ «ወንድ ልጄ አራት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ‹እማ ውሃ›፣ ‹አባ መኪና ሄደ› ከማለት አልፎ ሙሉ ነገር አይናገርም። ዕቃ አምጣ ስለው አንዳንዴ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ከልጆች ጋር መጫወት ይወዳል፤ ደስ ያለውን ነገር በጣቱ እየጠቆመ ያሳየኛል። ከዩቲዩብ የለመዳቸውን ቀለሞችና እስከ ሃያ ያሉ ቁጥሮችን ግን በእንግሊዝኛ አጥርቶ ይጠራል። የኬጂ መምህርቱ ‹ትኩረት የለውም› ትላለች። አማቴ ‹አባቱም አርፍዶ ነው አፉን የፈታው፤ ተይው› ይሉኛል። ጎረቤቴ ‹ምላሱ ታስሮ ነው፤ ይቆረጥለት› አለችኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ‹ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው፤ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት› ትላለች። ስሙን ስጠራው ስለሚዞር መስማቱ ደህና ነው። ኦቲዝም ይሆን? ስልክ ስላበዛሁበት ነው? ሕንድ ወስደን እናሳክመው ወይስ እንጠብቅ?» (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንዲጠብቁ አልመክርዎትም። ልጅዎ የሁለት ዓመት ልጅ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይለይ ነበር። በዚያ ዕድሜ ንግግር ከሚዘገይባቸው ልጆች ብዙዎቹ ቆይተው እኩዮቻቸውን ይደርሱባቸዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ይህ ተስፋ እየጠበበ ይሄዳል፤ አምስት ዓመት ሞልቶትም ጉልህ ችግር ያለበት ልጅ ያለ እርዳታ የሚስተካከልበት ዕድል ትንሽ ነው። የልጅዎ እኩያ «ትናንት ከአባዬ ጋር ሄድንና ኳስ ገዛልኝ፤ ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ሮጠን ገባን» ብሎ የሆነውን መተረክ ይችላል። የማያውቀው ሰውም ንግግሩን በአብዛኛው ይረዳዋል። በዚህና «አባ መኪና ሄደ» በሚለው መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው።

ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን በጨረፍታ ያለፉት ነገር ነው፦ ዕቃ አምጣ ሲባል ሌላ ይዞ መምጣቱ። መናገር ብቻ ሳይሆን መረዳትም የሚያስቸግረው ልጅ እኩዮቹን በራሱ የመድረስ ዕድሉ ያነሰ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ይህ ችግር በቀላሉ ይደበቃል። «ና ብላ» ሲሉት የሚመጣው ቃሉ ገብቶት ሳይሆን ሳህኑን አይቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ ይሞክሩት። እጅዎን ሳያነሡ፣ ወደ ዕቃው ሳያዩ፣ «ማንኪያውን ትራሱ ሥር አስቀምጠው» ይበሉት። ያልተለመደ ትእዛዝ ስለሆነ በግምት ሊያሟላው አይችልም።

አማርኛችን መናገር የጀመረን ልጅ «አፉን ፈታ» ይለዋል። የምወደው አነጋገር ነው፤ ግን ታስሮ የነበረ አፍ እንዳለ ያስመስላልና ሰው ሁሉ ወደ ምላስና ወደ ጉሮሮ እንዲያይ ያደርጋል። ንግግርና ቋንቋ ይለያያሉ። ንግግር ድምፅን በከንፈር፣ በምላስና በትንፋሽ ማውጣት ነው፤ የሚኮላተፍ ወይም የሚንተባተብ ልጅ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ቋንቋ ግን ቃላትን ማወቅ፣ ማገጣጠምና ሌላው ሲናገር መረዳት ነው፤ ይህ የአንጎል ሥራ ነው። ልጅዎ «ቱዌንቲ»ን አጥርቶ ከጠራ አፉ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ጎረቤትዎ ያሉትን ይተዉት። ከምላሳቸው ሥር ያለው ክር ያጠረባቸው ሕፃናት አሉ። ጡት ለመጥባት ሊቸገሩ፣ አንዳንድ ድምፅ ማውጣትም ሊያዳግታቸው ይችላል። ልጅ ዓረፍተ ነገር እንዳይሠራ ወይም የተባለው እንዳይገባው የሚያደርግ የምላስ ክር ግን የለም፤ ቢቆረጥም ቋንቋ አይመጣም። ከምላሱ ቀጥሎ «እንጥሉ ይቆረጥ» የሚል ሰው አይጠፋምና ይህንንም አስቀድሜ ልናገር፦ እንጥል ማስቆረጥ ለቋንቋ አንዳች ጥቅም የለውም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን አምጥቶ የልጅ ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። በፍጹም አያድርጉት። ጠበል ወስደውት ወይም ዱዓ አስደርገውለት ከሆነ እኔ አልቃወምም። የምለምንዎት ምርመራውን «ከዚያ በኋላ» ብለው እንዳያቆዩት ነው።

«ስሙን ስጠራው ይዞራል» የሚለው የመስማት ምርመራን አይተካም። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ይህ ነው። በመሃለኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ልጅ በር ሲንኳኳ ይሰማል፣ ሲጠሩት ይዞራል፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ይሮጣል። የሚያመልጡት ስስ ድምፆች ናቸው፤ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት»፣ የቃል መጨረሻ። በአማርኛ ደግሞ የቃል መጨረሻ ቀላል ነገር አይደለም። «መጣ» እና «መጣች» የሚለያዩት እዚያ ነው። ፈሳሹ አንድ ሳምንት በዝቶ በሌላው ሊቀንስ ስለሚችል ቤተሰብ «ሲፈልግ ይሰማል» እያለ ልጁን በእልኸኝነት ይወቅሳል። ሌላ ምርመራ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መስማቱ በመሣሪያ ይለካ። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ክፍሉ አላቸው። አራት ዓመት የሞላው ልጅ በጨዋታ መልክ ሊለካ ይችላል፦ ድምፅ በሰማ ቁጥር አንድ ኩብ ሣጥን ውስጥ ይጥላል። አያምም፣ አያስፈራም።

ኦቲዝምን በተመለከተ፣ በሀገራችን ስሙ እንዲህ የታወቀው እንደ ዘሚ የኑስ ባሉ ሰዎች ድካም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው ብዙ ወላጅ ልጁን ከመደበቅ እንዲወጣ አድርገዋል። ዛሬ ግን ንግግር የዘገየበት ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በኦቲዝም ነው። ኦቲዝም በቋንቋ መዘግየት ብቻ አይታወቅም። ዋናው ምልክቱ ከሰው ጋር የመግባባት ልዩነት ነው፣ ተደጋጋሚ ድርጊትና ጠባብ ፍላጎትም ይጨመርበታል። ልጅዎ ደስ ያለውን ነገር እየጠቆመ የሚያሳየው እርስዎም አብረው እንዲያዩለት ነው፤ ከልጆችም ጋር ይጫወታል። እነዚህ በጎ ምልክቶች ናቸው። በደብዳቤ ግን «አይደለም» ብዬ አልፈርምም፤ ልጁን በአካል ያየ ሰው ይወስን።

መስማቱ ደህና ሆኖ፣ ኦቲዝምም የአእምሮ እድገት ውሱንነትም ካልተገኘበት፣ የሚቀረው ትልቁ ጥርጣሬ የቋንቋ እድገት እክል የሚባለው ነው። ልጁ ይሰማል፣ ይጫወታል፣ ነገር ያስተውላል፤ ቋንቋን ግን እንደ እኩዮቹ በመስማት ብቻ አይማርም፣ ችግሩም በኑሮውና በትምህርቱ ላይ ጉዳት ያደርሳል። ለብዙ ዘመን በየሀገሩ የተለያየ ስም ሲሰጠው ቆይቶ፣ እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶሮቲ ቢሾፕ ባስተባበሩት ሥራ 57 ባለሙያዎች በአንድ ስያሜ ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ2017 አሳተሙት። በእንግሊዝ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሰፊ ጥናት ትምህርት ከጀመሩ ሕፃናት ከ7 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህን መጠን አርባ ልጅ ወዳለበት ክፍል ቢያመጡት ሦስት ገደማ ይሆናል። ከኦቲዝም ይልቅ ብዙ ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ወላጅ ግን እምብዛም አላገኘሁም። በተለይ ሴቶች ልጆች ይዘነጋሉ። አንደኛ ክፍል ደግማ እኔ ዘንድ የመጣች አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ። በቤትም በትምህርት ቤትም «ጨዋ፣ ዝምተኛ» እየተባለች ተመስግና ኖራለች። ከሚነገራት ግማሹ አይገባትም ነበር። ማንም አልጠየቃትም።

ምክንያቱን እርስዎ ላይ አይጫኑት። የቋንቋ እድገት እክል በዋናነት የዘር ነው፤ ብዙ ጂኖች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት አስተዋጽኦ አድርገው የሚያመጡት፣ በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገም ነገር ነው። እዚህ ላይ አማትዎ ትልቅ መረጃ ሰጥተውናል፤ ትርጉሙ ግን እሳቸው ካሰቡት ተቃራኒ ነው። አባትየው አርፍዶ መናገሩ የልጁን የመጋለጥ ዕድል ከፍ የሚያደርግ ምልክት ነው እንጂ ለመጠበቅ ምክንያት አይሆንም። አባት ኋላ ደህና ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ማንበብ ሲማር ተቸግሮ እንደነበረ ግን ይጠይቁት። ይህ እክል ያለባቸው ልጆች ፊደል ቆጥረው ማንበብ ሲጀምሩ የመቸገር ዕድላቸው ከሌላው ልጅ በጣም የበዛ ነው።

ስልኩ የቋንቋ እድገት እክል አያመጣም። ጉዳቱ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ልጁ ስክሪን ላይ ባፈጠጠበት ሰዓት ማንም አያናግረውም፣ እሱም ማንንም አያናግርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ በዚህ ዕድሜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። እርስዎም ወደዚያ ያውርዱት። በእንግሊዝኛ የሚጠራቸው ቁጥሮችና ቀለሞችም አያታልሉዎት። ሦስት ሙዝ አቅርበው «ሁለቱን ለአባባ ስጥ» ይበሉት፤ ቁጥሩ ትርጉም አለው ወይስ ዜማ ነው የሚለውን ያኔ ያዩታል።

እህትዎ ያሉት እኔን በጣም ከሚያሳዝኑኝ ምክሮች አንዱ ነው፤ በፍቅር ይነገራል፣ ልጁን ግን ከቤቱ ሰው ይለየዋል። ሁለት ቋንቋ ይህን እክል አያመጣም፤ አንዱን መተውም አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የካናዳ ጥናት እክሉ ያለባቸውን እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ልጆች እክሉ ካለባቸው ባለ አንድ ቋንቋ ልጆች ጋር አነጻጽሮ፣ ባለ ሁለት ቋንቋዎቹ የባሰ ሆነው አላገኛቸውም። እክሉ ካለ በሁለቱም ቋንቋዎች ይታያል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚቸገር ልጅ ግን እንግሊዝኛ እየተማረ ነው እንጂ አልታመመም። ወላጅ በደንብ በሚችለው፣ በሚቀልድበት፣ በሚቆጣበትና በሚያባብልበት ቋንቋ ልጁን ያናግር። ለእርስዎ ቤት ያ አማርኛ ነው። የአማርኛ መሠረቱ ሲጠነክር እንግሊዝኛውም የሚቆምበት ያገኛል። ኬጂውን በተመለከተ ምርጫ ካለዎት፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት አብዛኛው ትምህርት በአማርኛ የሚሰጥበትን እመርጥለታለሁ። በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ «ትኩረት የለውም» የተባለ ልጅ የሚባለው ሳይገባው የተቀመጠ ልጅ ሊሆን ይችላል። (አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች፦ የሀገሪቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ግምገማው ያለ ክፍያ እንዲደረግና በተቻለ መጠን በልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ያዝዛል። ሦስት ዓመት ለሞላው ልጅ ጥያቄውን ለአካባቢያችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተዳደር በጽሑፍ አቅርቡ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ።)

ሕንድ የመሄዱን ነገር በዚሁ ምክንያት አልደግፈውም። የልጅዎን አማርኛ አማርኛ የማይችል ባለሙያ ሊመዝነው አይችልም። «አልነገረችኝም» የሚለውን አንድ ቃል ያስቡት፤ ማን እንደሠራው፣ በማን ላይ እንደተሠራ፣ እንዳልተደረገም ጭምር በውስጡ ተሰፍቷል። «ሰበረ» እና «ተሰበረ» መካከል ያለችው አንዲት «ተ» ጥፋተኛውን ትለውጣለች። የእንግሊዝኛ ፈተና ተርጉሞ መስጠት እነዚህን አያገኛቸውም። ጥሩ ግምገማ ከወላጅ ጋር ረጅም ቃለ መጠይቅ፣ የጨዋታ ምልከታ፣ ሥዕል አይቶ ማስተረክና የመረዳት ልምምዶች ያሉበት፣ በአማርኛ የሚካሄድ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና ቋንቋ ቴራፒስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ባለሙያ ማግኘት እንደ ድሮው የማይታሰብ አይደለም፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ሌላ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ቋንቋ የሚያመጣ መድኃኒት፣ ሽሮፕም ሆነ መርፌ የለም። «የአንጎል ቪታሚን» ወይም «የስቴም ሴል ሕክምና» የሚሸጥልዎት ቢመጣ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።

ሕክምናው በቴራፒስት የሚመራ የተደጋገመ ልምምድ ነው፤ ትልቁ ክፍሉም ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ቀጠሮው እስኪደርስ ለመጀመር ማንንም አይጠብቁ። ወላጆች በጭንቀት የሚያበዙት «ይሄ ምንድን ነው? በል፣ በለው እንጂ!» የሚለውን ፈተና ነው፤ እሱን ይቀንሱ። በምትኩ ልጁ ያለውን ተቀብለው አስተካክለውና አንድ እርምጃ አስረዝመው ይመልሱለት። «እማ ውሃ» ሲል «ውሃ ጠማህ? እንካ፣ ውሃ ቀዳሁልህ» ይበሉት። «ድመት ሄደ» ሲል «አዎ፣ ድመቷ ሄደች፤ ወደ ውጭ ሄደች»። ድገም አይበሉት፤ እየሰማው ይለፍ። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁት። በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ፤ ለእርስዎ የረዘመው ዝምታ ለእሱ ቃል የሚፈልግበት ጊዜ ነው።

ቤትዎ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም የምለው የቡና ሰዓት ነው። ሁልጊዜ ያው ቅደም ተከተል፣ ያው ዕቃ፣ ያው ግስ፦ ታጠበ፣ ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ፈላ፣ ተቀዳ። ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጡት። ከእሳቱ ይራቅ እንጂ ስኒ ይደርድር፣ ቄጤማ ይጎዝጉዝ። «ቡናውን አጠብኩት። አሁን እቆላዋለሁ። ተቆላ!» እያሉ የሚሠሩትን ይናገሩ። ግሱ ከእጅዎ ሥራ ጋር በየቀኑ አብሮ ሲሰማ ቃሉ ይያዛል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ከሌላው ልጅ ይልቅ ብዙ ድግግሞሽ ያስፈልገዋልና። ከሳምንታት በኋላ ሆን ብለው ስኒውን ሳያቀርቡ ጀበናውን ያንሡ፤ የጎደለውን ሊነግርዎ ይሞክር ይሆናል። ማታ ደግሞ «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት» ብሎ መመለስን ይልመድ። ተረቱ አጭር ይሁን፤ ያንኑ ተረት አሥራ አምስት ቀን ቢደግሙለት አይሰለቸውም።

ለመምህርቱ የሚነግሯት ሦስት ነገር ነው። ፊት ለፊት ታስቀምጠው። ትእዛዝ አንድ በአንድ፣ በማሳየት ጭምር ትስጠው። «ገባህ?» ከማለት ይልቅ አድርጎ እንዲያሳያት ትጠይቀው፤ ያልገባው ልጅም «አዎ» ይላልና። ሰነፍ ተብሎ እንዳይጠራ፣ ባልገባው ነገር እንዳይቀጣም አጥብቀው ይናገሩ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንደሚጠብቁ በግልጽ ልንገርዎት። እክሉ ከተረጋገጠ ብዙውን ጊዜ አብሮ የሚያድግ ነገር ነው፤ ከሦስት ወር ቴራፒ በኋላ «ዳነ» የሚባል አይደለም። የቃላት ብዛትና ዓረፍተ ነገር መሥራት በልምምድ ደህና ይሻሻላሉ፤ መረዳት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። አንደኛ ክፍል ሲገባ ንባቡን፣ በኋላም የጽሑፍ ሥራውን መከታተል ይኖርብዎታል። እንዲህም ሆኖ ተምረው፣ ሠርተውና ትዳር መሥርተው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ ቀድሞ ተለይቶ የታገዘ ልጅ ደግሞ «አልችልም» ብሎ ሳያምን ያድጋል። ቀጠሮ የማይጠብቅ አንድ ሁኔታ ግን አለ፦ ልጁ ይናገረው የነበረውን ቃል ማጣት ከጀመረ፣ ወይም የሚጥል በሽታ የሚመስል ነገር ካዩ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት።

ውሳኔዬ ይህ ነው። በዚህ ወር ውስጥ የመስማት ምርመራ ይደረግለት። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ወዲያው ከንግግርና ቋንቋ ቴራፒስት ቀጠሮ ይያዝ። የቤቱ ልምምድ ዛሬ ይጀመር። ለቀጠሮው ልጁ ከሌላ ልጅ ጋር ሲጫወት ሳያውቅ የተቀረጸ ጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ፣ ለአንድ ሳምንት የተናገራቸውንም በራሱ አባባል ጽፈው ይዘው ይሂዱ። አማትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ። አባትየው መቼና እንዴት መናገር እንደጀመረ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን እንደገጠመው ከእሳቸው በላይ የሚያስታውስ የለም፤ ቴራፒስቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በልጅ ልጃቸው ጉዳይ ምስክር ሆነው ከተጠሩ፣ ማታ ተረቱን የሚነግሩለትም እሳቸው ቢሆኑ ደስ ይለኛል።